የማን 11 ሰዓት ነው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ የዌብሳይታችን ምርቃት ሰኞ ነው። ቴስት ለማድረግ የቀረን ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?» አለኝ። «ምርቃቱን አራዝሙት» አልኩት። ሳቀ። «አለቆቼን አያውቋቸውም» አለኝ።

ኧረ አውቃቸዋለሁ! እኔም እንደነሱ ነበርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምዝገባ ድረ ገጽ ሲሠራ ፕሮጀክቱን የምመራው እኔ ነበርኩ። የማን እንደነበር ይቅር። በእቅዱ ላይ ለፍተሻ ሦስት ሳምንት ጽፌ ነበር። ዲዛይኑ ሳይጸድቅ ዘገየ፤ ከፍተሻው አንድ ሳምንት ወሰድን። «ይቺን አንዲት ገጽ ጨምሩልን» ተባልን፤ ሌላ ሳምንት ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ቀን ቀረን። በሁለቱ ቀን የፈተሹትም ራሳቸው የሠሩት፣ እንቅልፍ ያጡ ልጆች ናቸው። «ሁሉም ቁልፍ ይሠራል» አሉኝ። እኔም ፈረምኩ።

የምዝገባው መዝጊያ ቀን ለሚ ነበርኩ። የገበያ ቀን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ሳለ አንዲት ልጅ ከጀማ ቆላ ዳገቱን ወጥታ፣ ሰነዶቿን በፌስታል ይዛ ገባች። ባለቤቱ ገጹን ከፈተላት። «ምዝገባው ተጠናቋል» ይላል። ሰዓቴን አየሁ፤ ከረፋዱ 5 ከ20። ማስታወቂያችን የሚለው ደግሞ «እስከ 11 ሰዓት» ነው። ለካ ሲስተሙ 11 ብሎ የተረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል! በእኛ ከረፋዱ 5 ሰዓት መሆኑ ነው።

ልጅቷ አልተቆጣችም። «አርፍጄ ነው አይደል?» ብላ ፌስታሏን ማጠፍ ጀመረች። ወዲያው ደወልኩ። ሰርቨሩን የሚከፍተው ልጅ እስኪገኝ፣ ፈቃድ እስኪመጣ መሸ። ምዝገባውን በአንድ ቀን አራዘምነው፤ ማራዘሙን ያስታወቅነውም እዚያው ድረ ገጽ ላይ ነው! እሷ ግን በጊዜ ወደ ቤቷ ወርዳለች፤ ገጹን የምታይበት ስልክ ቢኖራትማ መጀመሪያውኑ ዳገቱን አትወጣም ነበር።

ይህን ስህተት ቀድሞ ለማግኘት ምን ያስፈልግ ነበር? በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ ሰዓቱን ወደ መዝጊያው ቀን ወስዶ፣ «እስኪ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ልመዝገብ» ማለት። አሥር ደቂቃ።

ለሚ አሁን የምትነሳው በሲሚንቶ ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ፋብሪካ በቀን 150 ሺህ ኩንታል እንዲያመርት ታስቦ የተተከለ ነው። ሲሚንቶው ኮንክሪት ሲሆን ምን እንደሚደረግ ማንኛውንም ፎርማን ጠይቁ። ከሙሌቱ ናሙና በኪዩብ ይወሰዳል፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብቶ እስኪሰበር ተጨምቆ ጥንካሬው ይለካል። «ምርቃት ስለደረሰ 28ቱን ቀን 3 አድርጉልን» የሚል አለቃ ቢመጣ ይሳቅበታል። ድረ ገጽ ላይ ግን ይህንኑ በየፕሮጀክቱ እንላለን፤ ማንም አይስቅም። ምክንያቱም ሕንፃ ሲወድቅ አገር ያያል። የተበላሸ ፎርም የሚታየው ፎቶ ኮፒ ቤት ለቆመችው ልጅ ብቻ ነው፤ እሷም ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።

አንዳንዴ ግን ለሁሉም ይታያል። መጋቢት 6 ለ7 ሌሊት፣ 2016 ዓ.ም. የሆነውን አልረሳችሁም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ፣ ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንደሆነ አስታወቀ። ገንዘቡ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ አብዛኛው ተመልሷል። ዩኒቨርሲቲዎች «ገንዘቡን መልሱ» ብለው ማስታወቂያ አወጡ፤ ያልመለሱ ሰዎች ፎቶ ተለጠፈ። ያን ሰሞን ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ያልጻፈ ሰው አልነበረም። የሰው ገንዘብ መውሰድ ነውር ነው፤ አልከራከርም። ግን ስለ ፍተሻ የጻፈ ስንት ሰው አያችሁ? «ሒሳቡ ባዶ የሆነ ሰው 5 ሺህ ብር ቢጠይቅ ምን ይሆናል?» የሚለው ከማንኛውም ማሻሻያ በኋላ፣ ለደንበኛው ከመከፈቱ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

«እኛ ድሆች ነን፣ ለፍተሻ በጀት የለንም» የምትሉም አላችሁ። እሺ፣ ወደ አሜሪካ እንሂድ። የጤና መድን መመዝገቢያው ኸልዝኬር ዶት ገቭ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተመዝግበው የወጡት 6 ሰዎች ነበሩ። ተቋራጮቹ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ሲስተሙ በሙሉ ተገጣጥሞ የተፈተሸው ከመከፈቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ገንዘብ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ በእቅድ ላይ የሚያዝ እንጂ ዋዜማው ላይ የሚገዛ አይደለም።

«ችግር ካለ ተጠቃሚው ይነግረናል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። የሚነግራችሁ ላፕቶፕ ያለው፣ ስልክ ቁጥራችሁን የሚያውቅ ሰው ነው። የተጎዳው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይመለሳል።

የእኛ አገር ድረ ገጽ ደግሞ ከውጭ የመጣ ዝግጁ ቴምፕሌት የማያውቃቸው የራሱ ፈተናዎች አሉት። ሰዓቱን ነገርኳችሁ። ወራችን 13 ነው፤ የቀን መምረጫው ጳጉሜን አለው ወይ? ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰውስ የልደት ቀኑን ማስገባት ይችላል? «ኃይለ» ብሎ የተመዘገበ ሰው «ሀይለ» ተብሎ ሲፈለግ ይገኛል ወይ? ጸሐዩ እና ፀሐዩ ሁለት ሰው ይሆናሉ? የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ይህን ያውቃል? ኔትወርኩ ክፍያ መሐል ሲቋረጥና ሰውየው ደግሞ ሲጫን ብሩ ሁለቴ ይቆረጣል? እነዚህን የሚፈትሽ ሰው ብልህ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጊዜና ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አለቃ ለሆናችሁ የምለው ይህ ነው። ፍተሻ በውሉ ላይ የራሱ ቀን፣ የራሱ ሰውና የራሱ ክፍያ ይኑረው። እኔ አሁን ከአሥር ሳምንት ሥራ ሁለቱን ሳምንት ለፍተሻ እይዛለሁ፤ በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ገጽ አይጨመርም። የሠራው ሰው ብቻውን አይፈትሽ፤ የራስን ስህተት ዓይን ይዘለዋል። ቢያንስ አንድ ቀን በርካሽ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሞከር። ዲዛይን ከዘገየ ደግሞ የሚገፋው የምርቃቱ ቀን ይሁን። የሚፈትሸው ሰው «አይከፈትም» ካለ ሥራው ይቁም፤ ይህ ሥልጣን ከሌለው የሚያደርገው ነገር ለወግ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ አፍሰን የምናስለቅመው ግን ሌላውን ሰው ነው።

ለሠሪዎቹም እናገራለሁ። «ይደርሳል» ማለትን አቁሙ። እኔ የፈረምኩት ልጆቹ «ሁሉም ይሠራል» ስላሉኝ ነው፤ ልጆቹም እንዲያ ያሉኝ ሌላ መልስ መስማት እንደማልፈልግ ፊቴ ላይ ስላዩ ነው። ሁለታችንም ዋሽተናል።

ለደወልክልኝ ልጅ፦ ሰኞን ማስተላለፍ ካልቻልክ ቅዳሜና እሑድን ዲዛይን በማሳመር አታባክን። ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ስሙን፣ ክፍያውን ፈትሽ። ከዚያ ያልተፈተሸውን በሙሉ አንድ በአንድ ጻፍና ከርክክብ ሰነዱ ጋር አያይዘህ አለቃህ እንዲፈርምበት ስጠው። ያንን ዝርዝር ሲያይ አለቃህ ራሱ ምርቃቱን ያራዝም ይሆናል። ባያራዝም እንኳ፣ አንድ ቦታ አንዲት ልጅ «አርፍጄ ነው አይደል?» ብላ ስትጠይቅ መልሱ የት እንደተጻፈ ይታወቃል።