የጎማው ዕድሜ በማን አቆጣጠር?

መኪና ያላቸው ሰዎች አንድ ላይ የተቀመጡ እንደሆነ ጨዋታው ከየትም ይጀመር፣ መድረሻው ጋራዥ ነው። በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል አውቶሞቢል ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እኔ ከሦስቱ አንዱ አይደለሁም። ሆኖም በሻይ ሰዓት ከጎናቸው ስለምቀመጥ የፍሪሲዮንንና የባሌስትራን ነገር ከባለመኪና የማላንስ አዋቂ ሆኛለሁ። አንደኛው፣ ሜካኒኩ አዲስ ኩሽኔታ ገጠምሁ ብሎ አስከፍሎት አሮጌውን አጥቦ መልሶ እንደገጠመለት ያወራል፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በእጁ ሳይቀበል ሒሳብ አይከፍልም። ሁለተኛዋ ቪትስ ልትገዛ ሄዳ ደላላው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር እያሳየ «ገና ልጅ ናት» ቢላት፣ እርሷ ጎንበስ ብላ የፍሬን መርገጫውን አየች። ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል፤ ሳትገዛ ተመለሰች። የሦስተኛው ታሪክ ረጅም ነው፤ ስለ ቀለም ነው፤ ይቅር።

በዚህ ጨዋታ ላይ የምጨምረው አንድ ታሪክ እኔም አለኝ። እስካሁን ያላወጣሁት በታሪኩ ውስጥ ሞኙ እኔ ስለሆንሁ ነው።

አጎቴ አሮጌ ኮሮላ አላቸው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሁለት የኋላ ጎማ ሊገዙ ወደ መርካቶ ሲወርዱ «አንተ የተማርህ ነህ፤ ጽሕፈቱን ታነብልኛለህ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ሻጩ ከመደርደሪያ ያወረደው ጎማ ጥቁረቱ የሚያንጸባርቅ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ በላዩ ላይ የሚቀረው የላስቲክ ፀጉር እንኳ ያልረገፈለት ነበር። እኔም እንደ ሊቅ ጎንበስ ብዬ 175/70 አር 13 የሚለውን አነበብሁና 175 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 13 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች መሆኑን አስረዳኋቸው። እስከዚህ ድረስ ልክ ነበርሁ። ቀጥሎ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት መጨረሻ፣ በሞላላ ክብ ውስጥ፣ 1516 የሚል ቁጥር አገኘሁ።

«የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመተ ምሕረቱ ናቸው። 16 ማለት 2016 ነው። ጋሼ፣ ይህ ጎማ የአምና ነው!» አልሁ።

ሻጩ አንድ ቃል አልተናገረም። አጎቴ ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡት።

አንባቢ ሆይ፤ ጎማውን የሠራው ፋብሪካ እንቁጣጣሽን አያከብርም። 1516 ማለት በፈረንጆች 2016 ዓ.ም. 15ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ የአምና ያልሁት ጎማ የስምንት ዓመት ተኩል ሽማግሌ ነበር።

«ሳይነዳ ከተቀመጠ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ የማስተምረው ኬሚስትሪ ነውና መልሱን ማወቅ ይገባኝ ነበር። ጎማ በመጋዘን ተኝቶም ያረጃል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅንና ኦዞን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፤ ሙቀት ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል። ፋብሪካው ከላስቲኩ ጋር የሚቀላቅለው ሰም መሰል መከላከያ አለ፤ ጎማው ሲዞርና ሲተጣጠፍ ወደ ላይ እየወጣ ፊቱን ይቀባዋል። በመደርደሪያ ላይ የተኛ ጎማ ግን ይህን ቅባት እንደሚገባ አያገኝም። ስለዚህ ብዙ መኪና ሠሪዎች ጎማ ስድስት ዓመት ከሞላው እንዲለወጥ ይመክራሉ፤ ጎማ ሠሪዎችም ጥርሱ ቢያምርም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይላሉ። ይህን ሁሉ ያነበብሁት ከአደጋው በኋላ ነው።

አደጋው የደረሰው በየካቲት ነው። አዳማ ተዝካር ተጠርተን አጎቴ እየነዱ፣ አክስቴና ሁለት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው፣ በፈጣኑ መንገድ እንሄዳለን። ቢሾፍቱን አልፈን ወደ ሞጆ ስንቃረብ ከበስተኋላ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ተሰማ። መኪናው ወደ ግራ ተጎተተ። አክስቴ የማርያምን ስም ጠሩ። አጎቴ ግን ፍሬን አልረገጡም፤ መሪውን በሁለት እጃቸው ቀጥ አድርገው ይዘው እግራቸውን ከነዳጁ ብቻ አነሡ፤ መኪናው በራሱ እየደከመ ዳር ያዘ። ፍሬን ቢረግጡ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር። ወርደን ስናይ የጎማው ገላ ከሽቦው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገሽልጧል።

ስኮርቱን ገጥመን ሞጆ ገባን። አንድ ጎሚስታ፣ ዕድሜው ከተማሪዎቼ የማይበልጥ ልጅ፣ የፈነዳውን ጎማ አገላብጦ ቁጥሩን አየና «አባባ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ነው፤ ማነው የሸጠልዎት?» አለ። አጎቴ ወደ እኔ ተመለከቱና «ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነው» ብለው ሌላውን ጎማ እንዲፈታው አዘዙት።

ወደ ሻጩ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከጀርባው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ በግዢው ቀን ያላየሁት እርሱን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ለመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኛ ግን አራት ወር አሳልፈናል፤ ደረሰኝም አልጠየቅንም። ቢኖረንስ? ሻጩ «2016 ያልኸው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አልሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለም። እናንተ ግን ደረሰኝ ስትቀበሉ በላዩ ላይ አራቱን አኃዝ ከነወሩና ከነዘመኑ በእኛ አቆጣጠር ጭምር አስጽፉ። ሻጩ እምቢ ካለ ለእናንተ መልስ ሰጥቷችኋል።

አጎቴ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ባለፈው እሑድ ግን ቤታቸው ሄጄ አክስቴ የቆርቆሮ ወተት ሲከፍቱ ቀኑን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። አነበብሁላቸው። አጎቴ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣

«በማን አቆጣጠር?» አሉ።