ቡችላ ከማምጣታችን በፊት



አምና አንድ ቡችላ ከመንገድ አንስቼ ቤት ወሰድኩ። እናቴ «ማን ሊያበላው ነው?» አለችኝ። «እኔ!» አልኳት። ሁለት ሳምንት ከእንጀራዬ አካፈልኩት። ከዚያ ፈተና ደረሰና ረሳሁት። ሲርበው ገበያ ለገበያ መዞር ጀመረ፤ አንድ ቀን ሄዶ በዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በእኔ አስተያየት ቡችላ ስላማረን ብቻ ማምጣት የለብንም። ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል። በንፋስ መውጫ ብርድ ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል። ውሻ ከነከሰን ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን ወዲያው ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ለእኛ ቤት የምትሻለው ድመት ናት፤ ገብሱን አይጥ ጨረሰው። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ቤት ግን ድመት ባያመጣ ይሻላል፤ የተመረዘ አይጥ በልታ ልትሞት ትችላለች።

እናቴ ድመት ከማምጣታችን በፊት «መጀመሪያ ዶሮዎቹን አንድ ወር ሳታቋርጥ አብላ» ብላኛለች። እናንተም እንዲህ ራሳችሁን ፈትኑ። እኔ ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው።



ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል