በላስቲክ የሚበር አይሮፕላንና የተማሪዎች ዕውቀት

የአንድ አገር ዕውቀት የሚመዘነው ከውጭ ተገዝተው በገቡት መኪናዎችና መሣሪያዎች ብዛት አይደለም፤ የአገሩ ልጆች በገዛ እጃቸው ሠርተው፣ በገዛ ዓይናቸው አይተው፣ በገዛ አእምሯቸው መርምረው በደረሱበት ነገር ነው እንጂ። ዕቃ ይሰበራል፣ ያረጃል፣ ይማረካልም፤ ዕውቀት ግን በሰው ውስጥ ያለ ስለ ሆነ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል። ስለዚህም በሌላው ዓለም የትምህርት ቤት ልጆች በየዓመቱ የሚወዳደሩበት፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ ኃይል በአዳራሽ ውስጥ የሚበረው ትንሽ አይሮፕላን፣ ሲያዩት የሕፃን መጫወቻ ቢመስልም፣ በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ ላሉት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ትምህርት ቤቶች ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

በዕቃና በዕውቀት መካከል ያለውን ልዩነት የዚሁ አገር ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከተሠሩትም ሁሉ የሚበልጠው፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጕልበት እየተጎተተ፣ በጋይንት በኩል አልፎ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ባለፈ ጊዜ ግን ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ መድፉ በመቅደላ ተራራ ላይ ቀረ፤ የጋፋት የብረት ሥራም ተከታይ ትምህርት ቤት ሳያገኝ ተቋረጠ።

እንደዚሁም የመጀመሪያው አይሮፕላን በነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ካረፈ 7 ዓመት ሳይሞላ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በኢትዮጵያ ምድር የሠራው «ፀሐይ» የተባለው አይሮፕላን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በረረ። ወዲያውም ወራሪው የኢጣልያ ጦር ማርኮ ወሰደው፤ ብዙ ዘመን በኢጣልያ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአይሮፕላኑ መመለስ ታላቅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን የተመለሰው አካሉ ነው። እንደሱ ያለውን ለመሥራት የሚያበቃው ዕውቀት በመርከብም በአይሮፕላንም ተጭኖ አይመጣም፤ በየትምህርት ቤቱ መዘራት አለበት።

በላስቲክ የሚበረው አይሮፕላን ከዚህ ታላቅ ጉዳይ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር መልሱ ከራሱ ከበረራ ታሪክ ይገኛል። በአውሮፓ ቍጥር በ1871 አልፎንስ ፔኖ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ፣ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ፣ በሊቃውንት ፊት ላስቲክ ጠምዝዞ ትንሽ አይሮፕላን ለቀቀ፤ አይሮፕላኑም 11 ሰከንድ በአየር ላይ ቆየ። ከ7 ዓመት በኋላ በ1878 ሚልተን ራይት የተባሉ የአሜሪካ ጳጳስ፣ ከቀርከሃ፣ ከቡሽና ከወረቀት ተሠርቶ በላስቲክ የሚነሣ መጫወቻ ለልጆቻቸው ለዊልበርና ለኦርቪል ይዘውላቸው ገቡ። ልጆቹ እስኪሰበር ድረስ ተጫወቱበት፤ በተሰበረም ጊዜ ሌላ አምጡልን ሳይሉ ራሳቸው እንደሱ ያለ ሠሩ። በታኅሣሥ 1903 እነዚሁ ሁለት ወንድማማቾች በሞተር ኃይል ሰው ተሸክሞ የሚበር አይሮፕላን አስነሡ፤ የመጀመሪያውም በረራ 12 ሰከንድ ቆይቶ 36 ሜትር ያህል ሄደ። ከፔኖ መጫወቻ የበለጠው በአንዲት ሰከንድ ብቻ ነበር። ትንሹን ነገር ያልናቀ ወደ ትልቁ እንደሚደርስ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል።

ዛሬ በአሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በሚደረገው «ሳይንስ ኦሊምፒያድ» በተባለው የትምህርት ቤቶች ውድድር ይህ በረራ ከታወቁት ፈተናዎች አንዱ ነው። ደንቡ ሲያዩት ቀላል ነው። አይሮፕላኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ ክብደቱ ከተወሰነው ግራም ማነስ፣ ላስቲኩም ከተወሰነው ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከእጅ ከተለቀቀበት ጊዜ አንሥቶ ወለል እስኪነካ ድረስ ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካል፤ ረጅም ጊዜ የቆየለት ያሸንፋል። ከዚህም ሌላ ተወዳዳሪዎቹ ቀድሞ ያደረጉትን ሙከራ ሁሉ፣ ይኸውም የላስቲኩን ክብደት፣ የተጠመዘዘበትን ዙር ብዛትና የቆየበትን ጊዜ የጻፉበትን መዝገብ ለዳኞች ያቀርባሉ። በአዋቂዎች ዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ ያለ ላስቲኩ 1.4 ግራም ብቻ የሚመዝን አይሮፕላን፣ በ0.4 ግራም ላስቲክ፣ ጣራው ከፍ ባለ ስፍራ ከ20 ደቂቃ በላይ ሲበር ይታያል፤ ለዚህም በሩማንያ አገር በስላኒክ የሚገኘው የጨው ማዕድን ዋሻ እንደ አዳራሽ ሆኖ አገልግሏል።

ፈተናው ያለው በአሠራሩ ውስጥ ነው። ላስቲክ ሲጠመዘዝ ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲፈታ ግን ኃይሉን በእኩልነት አይሰጥም። በመጀመሪያ እጅግ ይበረታል፤ ከዚያ ለብዙ ጊዜ ለዘብ ብሎ ይቆያል፤ በመጨረሻ ይደክማል። ወፍራምና አጭር ላስቲክ አይሮፕላኑን አፈናጥሮ ከጣራ ጋር ያጋጨዋል፤ ቀጭንና ረጅም ላስቲክ ደግሞ ዙሩ ቢበዛም ከመሬት ለማንሣት አቅም ያጣል። ተማሪው በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ትክክለኛ ልክ ማግኘት አለበት። እንዲሁም ክንፉ ቀሊል ሲሆን እንዳይጣመም፣ የፊቱ ተሽከርካሪ ሰፊ ሲሆን ላስቲኩን ቶሎ እንዳይጨርስ፣ ክብደቱም ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እንዳያደላ፣ አይሮፕላኑም ከግድግዳ ሳይደርስ በአዳራሹ ውስጥ እንዲዞር ማድረግ ይኖርበታል። አንዱን ሲያሻሽል ሌላው ይበላሻል። ይህንን መጽሐፍ በማነብነብ ብቻ ሊያሸንፈው አይችልም፤ እየሠራ፣ እየለካና እየጻፈ ካልሆነ በቀር።

የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ጥያቄ ይጨምራል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፍጥነቱን በ16 በመቶ ያህል መጨመር አለበት፤ የሚፈጀውም ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን፣ በባሕር ዳርቻ 2 ደቂቃ የሚቆየው አይሮፕላን በነፋስ መውጫ 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይወርዳል ማለት ነው። ከስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ላይ ቢሞከር ደግሞ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ በውጭ አገር የተሰናዳው ሠንጠረዥ ለዚህ አገር እንዳለ አይሠራም፤ ልጆቹ የራሳቸውን መሥራት አለባቸው። ደጋና ቆላው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገናኝበት ይህ አገር ለሙከራው እንደ ተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ሊቈጠር ይገባዋል።

ነገሩ የሚያስቸኵልበት ምክንያት አለ። በአገሪቱ በሙሉ የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቶ ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት መመለስ አንድ ሥራ ነው፤ ከተመለሰ በኋላ የሚያቆየውን ነገር ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነው። በእጁ የሠራው ነገር ሲበር ያየ ልጅ የፊዚክስን ትምህርት እንደ ዕዳ አይቈጥረውም።

«መጽሐፍና ወንበር በጠፋበት አገር መጫወቻ ምን ይጠቅማል» የሚል መቃወሚያ መነሣቱ አይቀርም። ተገቢ መቃወሚያ ነው። መጽሐፍን የሚተካ ነገር የለም፤ የውድድሩም ወጪ ከመጽሐፍ ገንዘብ ሊወሰድ አይገባውም። ነገር ግን ይህ ሥራ ቤንዚን አይፈልግም፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። በውጭ አገር የሚሠራበት ባልሳ የተባለው ቀሊል እንጨት ባይገኝ፣ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ሸምበቆ፣ ስንደዶና ስስ ወረቀት ሊሞከሩ ይችላሉ፤ የትኛው ቀሊልና ጠንካራ እንደ ሆነ መመርመሩ ራሱ ትምህርት ነው። የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ግራሙን ይመዝናል፤ በእጅ ስልክ ላይ ያለው ሰዓት ሰከንዱን ይቈጥራል። የሚቸግረው አዳራሹ ነው። እንዲህ ያለው አይሮፕላን ከሰው እርምጃ ብዙ የማይበልጥ ፍጥነት ስላለው ትንሽ ነፋስ ያጠፋዋል፤ ስሟ ከነፋስ የተገኘው ከተማም ነፋስ የማይገባበት ቤት ማዘጋጀት ይኖርባታል። በሩና መስኮቱ የሚዘጋ የስብሰባ አዳራሽ ግን ይበቃል።

ቀሳውስቱና መምህራነ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ላይ ባዕድ አይደሉም። ጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው የቤተ ልሔም፣ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት ምንጭ የሆነውም የዙር አምባ አገር ነው። በነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ በወገን ወይም በገንዘብ አይመሰከርለትም፤ አንዲት ምልክት ከሳተ መምህሩ ይመልሰዋል፤ ዓመታት ቢፈጅም እስኪያውቅ ድረስ ይደግማል። ቅዱስ ያሬድ በትምህርት ተስፋ ቈርጦ ሳለ፣ ትሏ እየወደቀች ደጋግማ ዛፉን ስትወጣ አይቶ መመለሱን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የለም። አሥር ጊዜ ወድቆበት በአሥራ አንደኛው የሚያበረው ተማሪ የሚማረው ትዕግሥት ይኸው ነው። ወላጆች ልጃቸው በወረቀትና በቀርከሃ ጊዜውን አጠፋ ብለው በሚቈጡበት ጊዜ የንስሐ አባት የሚናገረው አንድ ቃል ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጣል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌ በክህነት ብቻ ሳይሆን በላስቲክም ላይ ይሠራል፤ ሳያውቅ የጠመዘዘ ሁሉ ይበጥሰዋልና።

ባለሥልጣኖች ሥራውን ሊጀምሩ ቢያስቡ ከሁሉ በፊት ሊጠነቀቁለት የሚገባው የዳኝነቱ ቅንነት ነው። አይሮፕላኑን አባት ወይም አስተማሪ ሠርቶ ለልጁ ቢሰጠው፣ ወይም ባለጠጋው ከከተማ ገዝቶ ቢያመጣው፣ ውድድሩ ከመጀመሪያው ቀን ይሞታል። ስለዚህ ተወዳዳሪው የተሰበረውን ክፍል በዳኞች ፊት ጠግኖ ያሳይ፤ ላስቲኩ ከአንድ ጥቅል ተቈርጦ ለሁሉም እኩል ይመዘን፤ ሁለት ጊዜ እንዲያበር ተፈቅዶለት የሚበልጠው ይያዝለት፤ የሙከራ መዝገብ የሌለው አይወዳደር። በከፍታ የሚለያዩት ወረዳዎች የሚወዳደሩት ደግሞ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ቀን ይሁን። ዓለም አቀፉ ደንብ እንኳን ክብረ ወሰንን ሲመዘግብ የጣራውን ከፍታ ከ8 ሜትር በታች፣ እስከ 15፣ እስከ 30፣ ከዚያም በላይ እያለ በአራት ከፍሎ ነው፤ እኩል ያልሆነውን እንደ እኩል መቍጠር ፍርድ አይደለምና።

ለዚህም የየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ምርጫውን ቢያደርግ፣ የዞኑ የትምህርት መምሪያም ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመጨረሻውን ውድድር በደብረ ታቦር ቢያዘጋጅ፣ የሚጠይቀው የሹማምንት ፈቃድና የአስተማሪዎች ትጋት ነው። ዋናውም ሽልማት ጽዋ ወይም ገንዘብ ሳይሆን፣ የአሸናፊዎቹ የሙከራ መዝገብ ተባዝቶ በየትምህርት ቤቱ እንዲቀመጥ ማድረግ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የዘንድሮው ተማሪ የደረሰበት ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ መነሻ ይሆነዋል፤ ባለሙያው ቢሄድ፣ አይሮፕላኑም ቢሰበር፣ ዕውቀቱ በአገሩ ልጆች እጅ ተጽፎ ይቀራል።