ከእናትህ ቤት ሆነህ አትጠይቀን

በ2008ቱ የአሜሪካ ምርጫ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከተወረወሩት ስድቦች ሁሉ ለእኔ ቢጤ የቀረበው ከጆን ማኬይን ዘመቻ የወጣው ነው። የተናገረው በዘመቻው የኮሙኒኬሽን ክፍል ይሠራ የነበረው ማይክል ጎልድፋርብ ነው። የተሰደቡት ደግሞ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ ምንም አላደረጉም። ስማቸው ለሌላ ሰው መስደቢያ ሆኖ ነው የተጠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ወር ማኬይን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓስተር ሪክ ዋረን ባዘጋጁት መድረክ ላይ ቬትናም ታስረው ሳለ የገጠማቸውን ተረኩ። በገና ዕለት አንድ ጠባቂ ቀርቦ በጫማው አፈሩ ላይ መስቀል ሣለላቸው፤ ትንሽ አብሯቸው ቆመና አጥፍቶት ሄደ። ከኦባማ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ ይህ ታሪክ ስለ ሩሲያዊው ደራሲ ስለ ሶልዠኒትሲን ከሚነገር ታሪክ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ ማኬይን በ1973 ከእስር እንደወጡ ባሳተሙት ረጅም ጽሑፍ ውስጥም የለም ብለው ጠየቁ።

ጎልድፋርብ የሰጠው መልስ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ የአገሩን ልጅ የጦርነት ትዝታ ከእናቱ ቤዝመንት ተመቻችቶ ተቀምጦ ማጣጣል የኦባማ ደጋፊ የሆነው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መንጋ ልማድ ነው፤ አብዛኛው አሜሪካዊ ግን ለሌላው ሲል መከራ ያየን ሰው የሚያከብር ትሕትና አለው። በዚያው ሰሞን የኒው ዮርክ ታይምስን ርእሰ አንቀጽ ጸሐፊዎችም ሲዘልፍ ያቺኑ ቤዝመንትና ያንኑ ጨዋታ ጠርቷል። ስለዚህ አምልጦት ነው አይባልም። ወዶት ነው።

እኔ ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ ታሪኩ ራሱስ? የሚል ነው። ጠያቂዎቹ የያዙት ማስረጃ ስስ ነበር። አንድ ሰው ያየውን ሁሉ በመጀመሪያው ጽሑፉ አላሰፈረም ተብሎ ውሸታም አይባልም። በዚያ ላይ የመስቀሉ ታሪክ ማኬይን በ1999 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ተጽፏል። በሁለት መስመር የሚያልቅ መልስ ነበር፤ እነዚያን ሁለት መስመሮች ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዘመቻው ግን መልሱ በእጁ እያለ ስድቡን አስቀደመ። የሚገርመኝ ይሄ ነው። መልስ ያጣ ሰው ቢሳደብ ይገባኛል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። በእኛ ሥራ አንድ ሰው ስህተት አገኘሁ ብሎ ሲያመለክት መጀመሪያ የሚደረገው ስህተቱን እንደገና ለማየት መሞከር ነው። ካልታየ “አልታየም” ተብሎ ይዘጋል፤ ከታየ ይስተካከላል። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ አንዲት ተለማማጅ የክፍያ ስሌት ላይ ሳንቲም እየተዛባ ነው ብላ ጻፈች። አለቃችን ከስሌቱ በፊት የጠየቀው “ይቺ ደግሞ ማን ናት?” ብሎ ነበር። ሳንቲሙ ማንነቷን አልጠየቀም፤ ለሁለት ሳምንት መዛባቱን ቀጠለ። የጎልድፋርብም መልስ ያው “ማን ነህ” ነው፤ ጠያቂው ያለውን ትቶ የተቀመጠበትን ክፍል ነው የገለጸው።

ስለ ጨዋታው ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችሁ በወሬ ነው የምታውቁት። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያሳተሙት ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ዳይስ ይወስነዋል። አሸናፊ የሚባል የለም። አያቱ ደግሞ የጦር ሜዳ ጨዋታ ነው። ጋይጋክስ ከዚያ በፊት በ1971 ቼይንሜይል የሚባል የመካከለኛው ዘመን የውጊያ ጨዋታ ደንብ አብሮ አሳትሟል፤ የዚህ ሁሉ የዘር ሐረግ ሲቆጠር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን ያሠለጥንበት ወደነበረው ጨዋታ ይደርሳል። ወታደርን አላከበራችሁም ለማለት ከወታደር ቤት የወጣ ጨዋታ መምረጥ እንግዲህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ተጫዋቾቹ ዝም አላሉም። የመለሱትም ይህንኑ ነበር፦ እኛም ሥራ አለን፣ ትዳር አለን፣ ግብር እንከፍላለን፣ ከእኛም መካከል ወታደር አለ። እውነት ነው፤ በ2007 ኢራቅ ውስጥ በጥንታዊቷ ዑር አቅራቢያ የሰፈሩ አሜሪካውያን ወታደሮች ለእንዲህ ዓይነት ጨዋታዎች ብቻ የተዘጋጀ ጉባኤ አድርገው ነበር። ዘመቻውም ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎልድፋርብ ጨዋታውን የሚጫወቱ ታታሪ አሜሪካውያንን ጎድቼ ከሆነ ይቅርታ ብሎ፣ ዘመቻችን የእያንዳንዱን አሜሪካዊ የጉልበት፣ የጽናት፣ የቅልጥፍና፣ የብልህነት፣ የጥበብና የግርማ ሞገስ ነጥብ ለማሳደግ ቆርጧል ሲል አከለበት። እነዚህ ስድስቱ የጨዋታው ገጸ ባሕርያት የሚለኩባቸው ናቸው። ልዋሽ አልችልም፣ ቀልዱ ጥሩ ነው። ሳነበው ስቄአለሁ።

ግን እስቲ ይቅርታውን መልሳችሁ እዩት። የተጠየቀው ለማን ነው? “ታታሪ” ለሆኑት። እናቱ ቤት ለሚኖረው፣ ሥራ ላጣው፣ ማኬይንን ለጠየቀው ሰው አንዲት ቃል የለችበትም። ተጫዋቾቹም ቅር የተሰኙት ከዚያ ሰው ጋር በመደመራቸው ነበር። እኛ እንደዚያ አይደለንም አሉ፤ እሺ፣ እንደዚያ አይደላችሁም ተባሉ። “እንደዚያ” የሆነው ግን እዚያው ቤዝመንቱ ውስጥ ቀረ፤ ሁለቱም ወገን በእሱ ላይ ተስማሙ። እኔ የምጣላው ከዚህ ጋር ነው። ስድቡን ተቀብሎ አድራሻውን ብቻ ማስቀየር መልስ አይደለም። ሥራ የሌለው ሰውም ቢሆን ድምፁ አንድ ነው፤ ጥያቄውም ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው እናቴ ቤት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ይህንኑ ጨዋታ እንጫወታለን። ቤዝመንት የለንም፤ ሳሎን ነው የምንጫወተው፤ እናቴም ቡና አፍልታ “ዘንዶው ሞተ?” እያለች ታልፋለች። እዚህ አዲስ አበባ እናት ቤት መኖር ስድብ አይሆንም፤ ይልቅ ሳላገባ ጥያት ብወጣ ነው ጎረቤት የሚያማኝ። ስለዚህ የጎልድፋርብ ስድብ በቀጥታ ቢተረጎም እኛ ዘንድ አይሠራም።

ሥራውን የሚሠራልን ሌላ ቃል አለን፦ “የኪቦርድ አርበኛ”። ይህ ቃል ከየትኛውም ወገን ይመጣል፤ መንግሥትን የጠየቀም ተቃዋሚን የጠየቀም እኩል ይቀምሰዋል። ውጭ አገር ሆኖ ከጠየቀ እዚያ ተመችቶት ነው ይባላል፤ አገር ቤት ሆኖ ከጠየቀ ሥራ ፈት ነው ይባላል። ከየት ሆኖ ቢጠይቅ ነው ተገቢ የሚሆነው? ያንን ቦታ እስካሁን የነገረኝ የለም። እውነት ነው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሌላውን ወደ እሳት የሚማግድ አለ፤ እሱን በዚህ ስም ብትጠሩት አልከራከርም። ግን ቁጥር የጠየቀውን፣ ቀን የጠየቀውን፣ “ይህ ከአምናው ንግግርዎ ጋር አይጋጭም ወይ” ያለውን ሁሉ በዚያው ስም መሸኘት ሌላ ነገር ነው።

ማኬይን በኖቬምበር ተሸነፉ። ምክንያቱ የዳይስ ተጫዋቾች ቁጣ ነው የሚል ሰው ካለ ሌማን ብራዘርስ በሴፕቴምበር መውደቁን ረስቷል። ጨዋታው አልከሰረም፣ ዘመቻውም በእኛ አልወደቀም።

ከዚህ ሁሉ የማይወጣልኝ አንድ ነገር ነው። ማኬይን ከኦክቶበር 1967 እስከ ማርች 1973 ታስረዋል። እስረኞቹ ጊዜውን የሚገፉበት አንዱ መንገድ ያዩትን ፊልም በቃል መተረክ ነበር፤ ማኬይንም ከተራኪዎቹ አንዱ ነበሩ። ስክሪን የለም፣ መጽሐፍ የለም፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ በዓይነ ሕሊናቸው ያያሉ። ቅዳሜ ማታ እኛ ሳሎን የሚደረገውም ያው ነው፤ ያለን ትርፍ ዳይስና ቡና ብቻ ነው። የዘመቻው ሰው አለቃውን ለመከላከል ብዕሩን ሲያነሣ ይህን ያውቅ ነበር ወይ? የሳቸውን መጽሐፍ ቢገልጥ ለጠያቂዎቹ የሚሆን መልስም እዚያው ውስጥ ያገኝ ነበር።