ጥሬና ውኃ ብቻ አይበቃም

ዛሬ ስለ ወፍ ቤት እንነጋገራለን። “የትዳርና የቤተሰብ ዓምድ ከወፍ ጋር ምን አገናኘው?” የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

በአዳማ፣ በሞጆም ሆነ በባቱ በጣሪያ ሥር የተሰቀለ የእርግብ ሳጥን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እርግብ ግን ወጥታ በርራ ሲመሽ ትመለሳለች። ለልጆች ተብላ በሽቦ ቤት የምትገዛው ትንሿ በቀቀን፣ ባጂ የሚሏት፣ እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። አገሯ አውስትራሊያ ነው፤ በዚያ ከመንጋዋ ጋር በሰፊ ሜዳ ላይ ትበራለች። እኛ ቤት ስትመጣ ዓለሟ ያ የሽቦ ቤት ብቻ ይሆናል።

ጌታችን በገበያ በጥቂት ሳንቲም ስለሚሸጡ ድንቢጦች ሲያስተምር፣ የሰማዩ አባት አንዷን እንኳ እንደማይዘነጋ ነግሮናል (ማቴ. 10፥29፤ ሉቃ. 12፥6)። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ ለእንስሳ መራራትን ከጽድቅ ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ዋጋዋ ትንሽ ነው ብለን ልንንቃት አይገባም።

ቤቷ ከቁመቱ ይልቅ ጎኑ ይርዘም፤ ወፍ የምትበረው ወደ ጎን ነውና። ለሁለት ባጂዎች ርዝመቱ ቢያንስ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ጭንቅላቷ እንዳይያዝ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1.2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። መቆሚያው ሁሉ አንድ ዓይነት ልሙጥ ዱላ ከሆነ እግሯ ይጎዳል፤ ወፍራምም ቀጭንም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አጥባችሁ አስገቡላት። ባሕር ዛፍ ራሱ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ እኛ የመጣ የአገሯ ዛፍ ነው።

ቤቱን የት እናስቀምጠው? የአዳማ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት በረንዳ አይሆንም። አፏን ከፍታ ካለከለከችና ክንፏን ከሰውነቷ ካራቀች ሙቀቱ በዝቶባታል ማለት ነው። በከተማችን ዙሪያ ተርባይን የሚያዞረው ነፋስም ለእርሷ ቀላል አይደለም። ማእድ ቤትም አይሆንም፤ የከሰል ጭስና ከልክ በላይ የጋለ የቴፍሎን መጥበሻ የሚያወጣው ጋዝ ወፍን ይገድላል። ሳሎን ውስጥ አንዱ ጎኑ ግድግዳን ተጠግቶ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ሌሊት ግን ጨለማና ጸጥታ ያስፈልጋታል።

ለምግብ ዳጉሳ፣ ጎመንና ካሮት ስጧት፤ አቮካዶ፣ ቡናና ቸኮላት ግን መርዝ ናቸው። ጥሬውን ሁልጊዜ በሳህን አትደርድሩላት፤ ጥቂቱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ፈልጋ እንድታገኘው አድርጉ። የምትታጠብበት ዝርግ ሳህን ይኑራት። ከሁሉ በላይ ጓደኛ ትፈልጋለች፤ መስተዋት ጓደኛ አይሆናትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከዱር የተያዘች ወፍ አትግዙ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳን መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ለወፍ የሚሆን ጊዜና ቦታ የሌላችሁም አትዘኑ፤ በግቢያችሁ ዛፍ ሥር ውኃ በገል አስቀምጡና ልጆቻችሁ የሚመጡትን ወፎች ይቁጠሩ።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። ጥሬና ውኃ ያላት ወፍ ዝም ብላ ላባዋን ስትነቅል “ምን ጎደለባት?” እንላለን። ይህንኑ ቃል ስለ ትዳር ጓደኛችንም እንናገረዋለን። ጤፉ ተገዝቷል፣ ኪራዩ ተከፍሏል፣ የልጆቹም ትምህርት ቤት ተከፍሏል። ነገር ግን ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ካወሩ ስንት ሳምንት ሆናቸው? እርሷ የተሰጣትን ጸጋ የምትሠራበት ጊዜ አላት? እርሱስ ደክሞት ሲገባ የሚያወራው ሰው አለው?

ሰው ግን እንደ ወፍ የሚገዛና የሚዘጋበት አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ሚስት የሕይወትን ጸጋ ከባሏ ጋር አብራ የምትወርስ መሆኗን ያስታውሰናል (1ጴጥ. 3፥7)። አብሮ ወራሽ ይጠየቃል፣ ይመከራል፣ ይደመጣል። ወፏ የጎደለባትን መናገር አትችልም፤ እኛ መናገር እየቻልን ዝም የምንባባልበት ቤት ግን ብዙ ነው።

በዚህ ሳምንት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፉና እርስ በርሳችሁ “ምን ጎደለብህ? ምን ጎደለብሽ?” ተባባሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ፤ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ። የሰላም ጌታ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።