ማኅተሙ በኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር

(ከዲቤንዶርፍ፣ ስዊዘርላንድ)

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላሉ አበው። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሎሚውን የሚሸከመው ግን ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው ነው። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ አቆሙ። መልሱ እስር ሆነ። በሰኔ ደግሞ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ታሰረ። የሥራ ማቆሙን ነገር መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ያለው ሰው ጭንቀቱ ይገባኛል። ዳሩ ግን ሐኪሙን አስሮ ሕዝብን ማሳከም አይቻልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ በኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ላይ የደረሰውን እናስታውስ። በስሙ ሌላ ማኅበር ተቋቋመበት። ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታሰሩ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ።

ገዢዎች ከግለሰቡ ይልቅ ማኅበሩን ለምን ይፈራሉ? መልሱን ለማግኘት ከዙሪክ ባቡር ተሳፍሮ ጄኔቫ መውረድ ይበቃል። የዓለም ሥራ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ኢትዮጵያ በነፃነት የመደራጀት መብትን የሚደነግገውን 87ኛውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1963 አጽድቃለች። ይህን መብት ተነፈግሁ ብሎ አንድ ሰው ብቻውን ቢጽፍ ግን አቤቱታውን የሚቀበል የለም፤ አቤት ማለት የሚችለው ድርጅት ነው። የመምህራኑ ጉዳይ ጄኔቫ ድረስ የዘለቀው ማኅበራቸውና ዓለም አቀፉ የመምህራን ድርጅት ስለተሸከሙት ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ከፈረሰ የታሰረው ሰው አፍ የለውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በስዊዘርላንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ 60ኛ አንቀጽ መሠረት ማኅበር ለማቋቋም የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ በጽሑፍ የሰፈረ መተዳደሪያ ደንብ ይበቃል። በዚህ ነፃነት ምን ሠራንበት?

እኔ ልናዘዝ። ጸሐፊ ሆኜ ያገለገልኩበት የባለሙያዎች ማኅበር አመራር ለመለወጥ ሲነሣ ለሁለት ተከፈለ። አሮጌው ኮሚቴ አላስረክብም አለ፣ አዲሱ ሕጋዊው እኔ ነኝ አለ። ሐኪሞቹ በታሰሩባቸው ሳምንታት አንድ ገጽ የተቃውሞ ደብዳቤ መላክ አቃተን፤ የማን ፊርማ ይውጣበት? ማኅተሙ የት ነው? ማኅተሙ በኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ዶክትሬት ይዤ፣ ስድሳ ዓመት አልፎኝ፣ በአንዲት የጎማ ቁራጭ እልህ ተጋባሁ። ኋላ አስረከብኩ፤ ደብዳቤው ግን ጊዜው አልፎበት ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሊቀመንበርነት ዘመን በደንብ ይወሰን፤ ርክክቡም በቀንና በፊርማ ይሁን። ሁለተኛ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይከፋፈል። አንዱ ይተርጉም፣ አንዱ ሒሳብ ይያዝ፣ አንዱ የታሳሪ ቤተሰብ ይጠይቅ። በወር ሁለት ሰዓት ያለው ሰው የሁለት ሰዓት ሥራ ይሰጠው እንጂ “ሁሉን ተሸከም ወይ ውጣ” አይባል። ሦስተኛ፣ በየአገሩ ያሉ የጤና ባለሙያዎቻችን በሚሠሩበት አገር የሐኪምና የነርስ ማኅበር አባል ናቸውና በዚያው በኩል ድምፃቸውን ያሰሙ። የዓለም የነርሶች ምክር ቤትም ጄኔቫ ነው ያለው፤ በሩ ሩቅ አይደለም።

አገር ቤት ያለው የማኅበር መሪ ወንበሩን የሚከፍለው በነፃነቱ ነው። እኛ የምንከፍለው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሱንም ለጠብ ካዋልነው ለታሰሩት ምን እንመልሳለን?

ቸር ይግጠመን።

ጡረተኛው መሐንዲስ