ሐውልት ቆሞ ቤት ሲፈርስ



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ያስታወሰኝ በለንደን ከተማ በማይል ኤንድ መንገድ ላይ የሚገኝ አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ስመ ጥሩው የመርከብ አዛዥ ካፒቴን ጀምስ ኩክ በዚህ ቦታ በነበረ ቤት ለጥቂት ዓመታት መኖሩን ይናገራል። ቤቱ ግን በ1959 ፈርሷል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩክ በ1728 በዮርክሻየር ከአንድ የእርሻ ሠራተኛ ተወለደ። ከ1768 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ተጓዘ፤ በሦስተኛው ጉዞ በ1779 በሃዋይ ተገደለ። ለንደን በ1914 ሐውልት አቆመችለት። እንግዲህ ለሰውዬው ሐውልት ያቆመች ከተማ መኖሪያውን ማፍረሷ ምን ይባላል?

አንዳንዶች «ኩክ አብዛኛውን ዕድሜውን በባሕር ላይ አሳለፈ፤ የአውስትራልያ ነባር ሕዝቦችም ስሙን የሚያነሡት በኀዘን ነው፤ ታዲያ ቤቱ ምን ያደርጋል?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ባሏ ለዓመታት ሲጠፋ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ልጆች የምታሳድገው በዚያ ቤት ነበር። ስድስት ልጆች ወልዳ ስድስቱም ቀድመዋት ሞቱ። ከባሏ ሞት በኋላ 56 ዓመት ኖራ በ1835 በ93 ዓመቷ ዐረፈች፤ ከመሞቷም በፊት ደብዳቤዎቹን አቃጠለች። ወረቀቱ ከተቃጠለ ዘንድ ስለ ትዳራቸው ሊመሰክር ይችል የነበረው ግድግዳው ነበር፤ እርሱም ፈረሰ።

በሌላ በኩል በዮርክሻየር የነበረው የወላጆቹ ጎጆ በ1933 በ800 ፓውንድ ተሸጠ። ከዚያም በ253 ሣጥንና በ40 በርሜል ተጭኖ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ በ1934 በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ እንደገና ተሠራ። ኩክ ራሱ በዚያ ጎጆ መኖሩ እንኳ አልተረጋገጠም! ጎጆን ባሕር ማሻገር ከተቻለ፥ በእርግጥ የኖረበትን ቤት ባለበት ማቆየት እንዴት አቃተ?

በበኩሌ ከተማ አይደግ፥ አዲስ ሕንፃ አይሠራ አልልም። ዳሩ ግን ዶማው ከመነሣቱ በፊት «በዚህ ቤት ማን ኖረ?» ብሎ መጠየቅ፥ ቤቱንም ለክቶና ሥዕሉን አንሥቶ ማኖር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ በየሰፈራችሁ ያለውን የአሮጌ ቤት ታሪክ ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን እየጠየቃችሁ ዛሬውኑ ጻፉ። ጅቡ ሳይሄድ እንጩህ።